«ኮሚቴው አላጸደቀውም» ስንልዎት

ሐዋሳ ላይ ብድር ጠይቀው «ኮሚቴው አላጸደቀውም» ከተባሉ፣ ከወንበሩ ሳይነሡ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ሲአይሲዬ ላይ ምን ወጣ?»

ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ በጣም ጥቂት ነው። እኛ የብድር ክፍል ሰዎች ደግሞ ካልተጠየቅን አንናገርም። ክፋት ኖሮብን አይደለም። ወረቀቱ ምስጢር ነው እየተባልን ነው ሥራውን የለመድነው፤ ደንበኛ ፊት መዘርጋቱ ያስፈራናል። «ኮሚቴው» ማለት ይቀላል፤ ኮሚቴን ማንም አይከራከርም። አንዳንዴ እውነትም ኮሚቴው ተቀምጦ፣ የንግዱን እንቅስቃሴ አይቶ፣ ዋስትናው አንሶበት የጣለው ጉዳይ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ፋይልዎ ኮሚቴ ፊት አልቀረበም። የቲን ቁጥርዎ ሲስተሙ ላይ ገባ፣ አንድ ገጽ ወጣ፣ ገጹ ላይ አንድ መጥፎ ቃል ታየ፣ ፋይሉ እዚያው ቆመ።

የሚያንገበግበኝ ያ ቃል ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ነው። ሰውዬው ምክንያቱን አያውቅም። ዕድሉ የተበላሸ መስሎት ከፒያሳ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ አቶቴ፣ ከባንክ ወደ ባንክ ይዞራል። በሄደበት ሁሉ ቤት ያስገምታል፣ ዋስ ይለምናል፣ የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላል። በሄደበት ሁሉ የሚታየው ግን ያው አንድ ገጽ ነው።

ሲአይሲ የምንለው ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ያለዎትን የብድር መዝገብ ነው። የመዝገቡ ባለቤት በመመሪያ ስሙ ክሬዲት ሬፈረንስ ቢሮ ከተባለ ቆይቷል፤ ብሔራዊ ባንክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 መመሪያ አውጥቶለታል። በእኛ አፍ ግን የድሮው «የብድር መረጃ ማዕከል» አጠራር አልለቀቀም። ባንኩም ማይክሮፋይናንሱም የሰጠውን ብድር ወደዚያ ይልካል፤ አዲስ ብድር ከመስጠቱ በፊትም እዚያ ያያል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶችዎ ሦስት የግል ድርጅቶች ስለሚይዙት መዝገብና ስለ ነጥባቸው ሲያወሩ ሰምተው ይሆናል። እኛ ጋ የሚወስነው የብድሩ ደረጃ ነው። ደረጃውም ለዓመታት በሠራንበት አሠራር የሚቆጠረው በቀን ነው። ክፍያ ከ30 ቀን በላይ ካልዘገየ «ፓስ»፣ ከ30 እስከ 90 ቀን «ስፔሻል ሜንሽን»፣ ከ90 እስከ 180 «ሰብስታንዳርድ»፣ ከ180 እስከ 360 «ዳውትፉል»፣ ከዚያ ያለፈው «ሎስ»። ከ90 ቀን ጀምሮ ያለው በሙሉ የተበላሸ ብድር ይባላል። የተበላሸ ብድር ያለበትን ሰው ደግሞ የትኛውም ባንክ ደፍሮ አያስተናግድም።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ቆጠራው የሚይዘው ቀኑን ነው። ሁለት ሚሊዮን ብር ያልከፈለና ሁለት መቶ ብር የቀረበት ሰው ዓመት ካለፋቸው እኩል «ሎስ» ተብለው ይቀመጣሉ።

አቶቴ አካባቢ የሚሠራ ባለባጃጅ ነበር። የመጀመሪያዋን ባጃጅ በብድር ገዝቶ፣ ከፍሎ ጨርሶ፣ ሁለተኛ ሊጨምር ፈልጎ መጣ። ንግዱ ጥሩ ነው፤ ሒሳቡ በየቀኑ ይንቀሳቀሳል፤ ጠባዩን ሰፈሩ ይመሰክርለታል። ቲኑን ሳስገባ ከሌላ ባንክ የተወሰደው የድሮ ብድር ወጣ። የተፈቀደው መጠን ሙሉው ተጽፏል። በቀሪ ዕዳው ዓምድ ሁለት መቶ ብር የማይሞላ ገንዘብ አለ። ደረጃው «ሎስ» ነው።

«እህቴ፣ እሱን ብድር እኮ ጨርሻለሁ» አለ።

«መቼ ነው የጨረስከው?»

«የመጨረሻውን ዙር ከፍዬ ደረሰኙ ቤት አለ።»

ዋሽቶ አልነበረም። ሲበደር የሰጡት የክፍያ ሠንጠረዥ ላይ ያለውን የመጨረሻ መስመር አንብቦ፣ ያንኑ ብር ይዞ ሄዶ፣ ገቢ አድርጎ ወጥቷል። ግን የከፈለው ከቀነ ገደቡ ጥቂት ቀናት አሳልፎ ነበር፤ ወለድ ደግሞ በየቀኑ ይቆጠራል። በጊዜው ጳጉሜን ነበረች። እኛ ወር ብለን የማናስባቸው አምስት ቀናት ለሲስተሙ እንደ ማንኛውም ቀን ናቸው፤ ሲስተሙ የሚሠራው በአውሮፓ ቀን ነው። የእነዚያ ቀናት ወለድ ቀረ። ቅጣት ተጨመረበት። ሊብሬውን ለመውሰድ ቢመለስ ኖሮ ያን ጊዜ ይነገረው ነበር፤ ባጃጇ እጁ ላይ ስላለች ለሊብሬው አልተቻኮለም። ስልክ ቁጥሩንም ቀይሮ ነበር። ቀኑ 90ን፣ 180ን፣ 360ን እያለፈ ሄደ።

እንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ሐዋሳ ውስጥ የምናየው የስሕተት ሁሉ አባት ነው ብል አላጋነንኩም። ስለዚህ ብድር ሲዘጉ ሠንጠረዡን አይመኑ። ካውንተሩ ላይ «የመጨረሻ ክፍያዬን ልክፈል» አይበሉ፤ «ዛሬ ብዘጋው ዋናው፣ ወለዱና ቅጣቱ ተደምሮ ስንት ነው?» ይበሉ። ከከፈሉ በኋላ ሒሳቡ ዜሮ ሆኖ መዘጋቱን የሚያሳይ ስቴትመንትና ማኅተም ያለበት ክሊራንስ ሳይዙ አይውጡ። የቤት ካርታ ላይ ወይም ሊብሬ ላይ ያለው እግድ ተነሣ ማለትም ሲአይሲው ተስተካከለ ማለት አይደለም። እግዱን የሚያነሣው ደብዳቤ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወይም ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ይሄዳል፤ የብድሩ መረጃ የሚሄደው በሌላ መንገድ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ስሕተት ሲገኝ ደንበኛው የሚጨቃጨቀው ከእኛ ጋር፣ ብድሩን ከከለከልነው ባንክ ጋር ነው። እኛ የሌላ ባንክ መረጃ ላይ አንዲት ቁጥር መንካት አንችልም። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ብሔራዊ ባንክ በር ላይ የሚቆምም አለ። ብሔራዊ ባንክ መዝገቡን ይይዛል እንጂ የእርስዎን ክፍያ አላየም፤ የሚያምነው አበዳሪው የላከለትን ነው። መረጃውን የሚያርመው የላከው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጉዞዎ ያንን ብድር ወደሰጠዎት ተቋም ይሁን።

እዚያም ቢሆን ቅርንጫፉ ጋ ብቻ ከቆሙ ጉዳይዎ ሊያድር ይችላል። ይህን የምለው የውስጥ አካሄዱን ስለማውቀው ነው። ሐዋሳ ያለው ቅርንጫፍ ወደ ማዕከሉ በቀጥታ አይልክም። የቅርንጫፉ የብድር ኦፊሰር ማስታወሻ ይጽፋል፣ ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል፣ ወደ ዲስትሪክት ወይም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ የብድር መረጃ የሚልክ ክፍል አለ። ያ ክፍል የብዙ ቅርንጫፎችን መረጃ ነው የሚያየው፤ የእርስዎ ጉዳይ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ይጠብቃል። ኦፊሰሩ «ልከናል» ሲልዎት አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ግን የላከው እስከ ዲስትሪክት ነው። «ጨርሰናል» የሚለውን ቃል ይዘው ከመሄድ የማስታወሻውን ቁጥርና ቀን ይዘው ይሂዱ። ቁጥር ያለው ደብዳቤ የሚያስጠይቅ ሰው ስላለው ይፈለጋል። በቃል የተነገረ አቤቱታ ግን ኦፊሰሩ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲዛወር አብሮት ይጠፋል፤ እኛ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው የምንዛወረው።

የእርስዎ ማመልከቻም በደንብ ይጻፍ። «መረጃዬ ስለተበላሸ ይስተካከልልኝ» የሚል ደብዳቤ ሠላሳ ጊዜ አይቻለሁ ብል የሚያንስ ይመስለኛል፤ ማንም አያነበውም። ስምዎ እስከ አያት፣ የቲን ቁጥርዎ፣ የብድር ሒሳቡ ቁጥር፣ ብድሩ የተወሰደበትና የተዘጋበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከዚያ በሁለት መስመር «በመዝገቡ ቀሪ ዕዳ ይህን ያህል ተብሎ ይታያል፤ በተያያዘው ስቴትመንት መሠረት ግን ዜሮ ነው»። የክፍያ ደረሰኝና ክሊራንስ ኮፒ ያያይዙ። ሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ፤ ሌላኛው ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱና ይዘውት ይሂዱ።

የባለባጃጁ ነገር በዚሁ መንገድ ነው ያለቀው። ቀሪዋን ብር የከፈለው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ገጹ ላይ ያለው ቃል እስኪነሣ ግን ብዙ ደጅ ጠንቷል። መስከረም ላይ ሊገዛ ያሰባት ባጃጅ ዋጋዋ ጨምሮ ጠበቀው።

ከቀሪ ብር ቀጥሎ ያለው የስምና የቁጥር ስሕተት ነው። ቲን አሥር አኃዝ ነው፤ ሁለት አኃዝ ቦታ ቢቀያየር የሌላ ሰው ብድር እርስዎ ላይ ይወድቃል። ስም ደግሞ የባሰ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ራስ፣ አባት፣ አያት ነው። የመጀመሪያ ሁለት ስማቸው አንድ የሆነ ብዙ ሰዎች በአንድ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ጸሐፊ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። የሲዳምኛ ስም በአማርኛ ፊደል፣ ከዚያ በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ድርብ ድምፁ አንዱ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ሌላው ላይ ይቀራል። አንዲት የቡና ነጋዴ ፓስፖርቷ ላይ፣ ንግድ ፈቃዷ ላይና ባንክ ደብተሯ ላይ ያለው ስም ሦስት ዓይነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የከፈለችው ብድር በአንደኛው ስም ተዘግቶ በሌላኛው ክፍት ሆኖ ይታይ ነበር። ሦስቱም እሷ መሆኗን ለማስረዳት ከቀበሌ ጀምሮ ወረቀት ሰብስባለች።

ለዚህ አሁን ጥሩ አጋጣሚ አለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ እየተስፋፋ ነው፤ ባንኮችም ፋይዳን ከሒሳብ ጋር እንዲያገናኙ ታዝዘዋል። አብዛኛው ሰው ቅርንጫፍ መጥቶ ባለ 12 አኃዙን ቁጥር ሰጥቶ ይሄዳል። በዚያው ቀን ስክሪኑን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ስምዎ ከፋይዳው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው? የልደት ቀንዎ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አላመጣም? ቲንዎ የእርስዎ ነው? የድሮው ስልክ ቁጥር አሁንም እዚያ ተቀምጧል? ይህን ማረም ብድር በሚጠይቁበት ሳምንት ከባድ ነው፤ ፋይዳ በሚያገናኙበት ቀን ግን የአንድ ቅጽ ጉዳይ ነው።

የደመወዝ ተበዳሪዎችን በተለይ ልንገራቸው። መምህር ነዎት እንበል፤ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ። መሥሪያ ቤትዎ በየወሩ ከደመወዝዎ ይቆርጣል፤ ፔይሮሉ ላይ ተቀናሹ ይታያል፤ እርስዎም የከፈሉ ያህል ተኝተው ያድራሉ። ገንዘቡ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ወደ አበዳሪው ሳይተላለፍ ሁለት ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። አበዳሪው ያልደረሰውን ገንዘብ አያውቅም፤ ቀኑ በእርስዎ ስም ይቆጠራል። እንዲህ ዓይነት ፋይል ስይዝ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም ሰውዬው አንድ ሳንቲም አላስቀረም። መፍትሔው ማስረጃ ነው፦ ተቀናሹን የሚያሳይ የደመወዝ ዝርዝር፣ ከዚያ ከፋይናንስ ክፍሉ «በእነዚህ ወራት ተቆርጦ በዚህ ቀን ተላልፏል» የሚል ደብዳቤ። ያንን ይዘው ደረጃው እንዲታረም ለአበዳሪው ያመልክቱ። በየሩብ ዓመቱም የብድርዎን ስቴትመንት ያውጡ፤ ተቆርጧል ከሚል ፔይሮል ይልቅ ገብቷል የሚል ስቴትመንት ነው የሚያድነዎት።

በቡድን የተበደራችሁም ጉዳዩ ይመለከታችኋል። በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ብድሩን ያገኘው እርስ በርስ ዋስ በመሆን ከማይክሮፋይናንስ ነው። ዛሬ ኦሞ ማይክሮፋይናንስ ኦሞ ባንክ፣ ሲዳማ ማይክሮፋይናንስም ሲዳማ ባንክ ሆነዋል፤ በሌሎች ክልሎችም እንዲሁ ተቀይረዋል። ከየትኛውም ማይክሮፋይናንስ ቢሆን ከዓመታት በፊት በቡድን ተበድረው ከነበረ፣ ቡድኑ መዝጋቱን በራስዎ ስም ያረጋግጡ። የቡድኑ ሰብሳቢ «ጨርሰናል» ብላ ነግራዎት ይሆናል። የእርስዎን ስም ከመዝገብ የሚያወጣው ግን የእሷ ቃል አይደለም።

ዋስ የሆኑ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ፤ ብድሩን ስላልወሰዱት መዝገቡን ለማየት አያስቡም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1922 መሠረት የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ መጠን ካልገለጸ አይጸናም። ይህች አንቀጽ ብዙ ሰው አድናለች። እርስዎ ለ50,000 ብር ዋስ ሆነው፣ በኋላ ብድሩ ተራዝሞና አድጎ በሙሉው መጠን ተጠያቂ ተደርገው ከተገኙ፣ የፈረሙት ውል ኮፒ ይውጣልኝ ይበሉ። ውሉ ላይ ያለው ቁጥርና በስምዎ የሚጠየቁበት ቁጥር ካልገጠሙ የእርማት ጥያቄዎ ጠንካራ ነው። ዋስትናው ሲያበቃም ተበዳሪው ክሊራንሱን ሲወስድ ለእርስዎም ከዋስትና ነጻ የሚል ደብዳቤ እንዲወጣ ያድርጉ።

የስልክ ብድር ሌላው ነው። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2014 መጨረሻ «መላ»ን ከጀመረ ወዲህ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ምቹ»ም ተጨምሮ፣ ሰው ያለ ዋስትና ጥቂት ብር በስልኩ ይወስዳል። ጥሩ ነገር ነው፤ ስንት ጉልት ሻጭ ተነሥቶበታል። ግን ሲሙ በእናት ስም ሆኖ ልጅ ይበደርበታል፤ ወይም ሰውየው ሲም ቀይሮ ብድሩን ይረሳል። ከስልኩ በስተጀርባ ያለው አበዳሪ ባንክ መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉም። ኬንያ ይህን መራራ ትምህርት ቀድማ ቀምሳዋለች። በጥቃቅን የስልክ ብድር ስማቸው የጠቆረ ሰዎች ሲበዙ፣ ማዕከላዊ ባንኳ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ከ1,000 ሽልንግ በታች የሆነ ዕዳ በመጥፎ ስም እንዳይመዘገብ አዘዘ። እኛ ጋም እንዲህ ዓይነት ወለል ቢኖር ያ የአቶቴ ልጅ ባጃጁን በጊዜዋ በገዛ ነበር። ይህን ከልቤ እመኛለሁ።

በነገራችን ላይ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ የሚጽፉ ሰዎች ዝርዝር ከዚህ የተለየ ነው። ቼክ ተመልሶብዎት ሒሳብዎ ከተዘጋ በሲአይሲ እርማት አይፈታም፤ ሁለቱን አያምታቱ።

ስለ መብትዎም ልናገር፤ እዚህ ላይ እኛ የባንክ ሰዎች ወደ ኋላ ስለምንል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለማንኛውም ሰው ስለራሱ የተያዘን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማስታረም መብት ሰጥቷል። የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ደግሞ እያንዳንዱ ተቋም ቅሬታ የሚቀበልበት ሥርዓት እንዲኖረው ያዛል፤ በተቋሙ መልስ ያልረካ ሰው ወደ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይችላል። አዲስ አበባ መሄድ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው፦ አበዳሪው ጋ ገቢ ያደረጉት ማመልከቻ፣ የተሰጠዎት መልስ ወይም መልስ ሳይሰጥዎት የቆየበት ጊዜ በእጅዎ ሲኖር። ባዶ እጅ የሄደ ሰው ወደ ቅርንጫፉ ይመለሳል። ለኦፊሰሩም «ሪፖርቱን ስጠኝ» ከማለት «የትኛው አበዳሪ፣ ስንት ቀሪ ዕዳ፣ በምን ደረጃ እንደላከብኝ ንገረኝ» ቢሉት ይሻላል። ወረቀቱን አሳልፎ መስጠት የሚፈራ ኦፊሰር እነዚህን ሦስት ነገሮች ለመከልከል አይጨክንም፤ ለእርማት የሚያስፈልግዎት ደግሞ እነሱው ናቸው።

ስሕተት ያልሆነውንም ለይተን እንነጋገር። ስድስት ወር በእርግጥ ሳይከፍሉ ቆይተው በኋላ ከዘጉ፣ መዝገቡ መዘግየቱን ማሳየቱ ስሕተት አይደለም። ማረም የሚቻለው ክፍት ተብሎ የቀረውን ተዘግቷል ማስባል ነው። ያለፈውን ለመሰረዝ ከመሞከር ምክንያቱን በደብዳቤ አስረድተው ከአዲሱ ማመልከቻ ጋር ቢያያይዙት ይሻላል፤ ሕመም ከነበረ የሐኪም ወረቀት፣ ቃጠሎ ከነበረ የፖሊስ ማስረጃ። እኛ ሰዎች ነን፤ ማስረጃ ያለው ታሪክ እናነባለን። «ሲአይሲ አጸዳለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠመዎት ግን ብርዎን ይያዙ። እውነተኛውን ስሕተት እርስዎ ራስዎ በነጻ ያስተካክላሉ፤ እውነተኛውን መዘግየት ደላላው ሊያጠፋው አይችልም። የሚችለው ብርዎን ይዞ መጥፋት ነው።

ይህ ሁሉ የእኛ አገር ድክመት ብቻ እንዳይመስልዎት። አሜሪካ የብድር መዝገብን የሚገዛ ሕግ ያወጣችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ነው፤ ቅሬታ የቀረበበት መዝገብም በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ እንዲጣራ ሕጉ ያስገድዳል። እንዲያም ሆኖ የንግድ ኮሚሽናቸው በዚያው አቆጣጠር በ2013 ባወጣው ጥናት ከአምስት ሰው አንዱ ቢያንስ በአንዱ መዝገቡ ላይ ስሕተት ነበረበት። ልዩነታችን እዚያ ሰው በየጊዜው መዝገቡን አውጥቶ ያያል፤ እኛ ጋ የሚያየው ከተከለከለ በኋላ ነው፤ ያውም ከነገሩት።

ታዲያ ስሕተቱን እያወቅን ለምን አንሮጥልዎትም? ይህ በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር ነው። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ በ2017 ደግሞ ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ገደብ ባለበት ጊዜ ቅርንጫፍ የሚያበድረው ገንዘብ ከጠያቂው ያንሳል። ጠረጴዛዬ ላይ ሃያ ፋይል ካለና የሚፈቀደው አምስት ከሆነ፣ ንጹሕ ገጽ ያላቸውን አምስቱን ነው የማነሣው። የእርስዎ ገጽ ላይ ያለው ቃል ስሕተት ይሁን እውነት ለማጣራት ጊዜም ምክንያትም አይኖረኝም። ስለዚህ ብድር ከመጠየቅዎ ብዙ ወራት ቀድመው ይምጡ። ሒሳብ ያለዎት ባንክ ሄደው «በቅርቡ ብድር ልጠይቅ አስቤያለሁ፤ ከማስገመቴ በፊት ሲአይሲዬን ተመልከትልኝ» ይበሉ። ቤት ለማስገመት፣ ዋስ ለመያዝ፣ ቀብድ ለመክፈል ከዚያ በኋላ ይድረሱ።

የድሮው አበዳሪዎ ጋ ሲሄዱስ ጊዜው መቼ ይሁን? የባንክ ዓመት በአውሮፓ ጁን 30፣ በእኛ ሰኔ 23 ይዘጋል። ብሔራዊ ባንክ የተበላሸ ብድር ከጠቅላላው 5 በመቶ እንዳያልፍ ስለሚጠብቅ፣ ከግንቦት ጀምሮ እያንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ ያንን ቁጥር ለማውረድ እንቅልፍ የለውም። በስሕተት «ሎስ» ተብሎ የተቀመጠ ብድር ለእርስዎ ዕዳ እንደሆነ ሁሉ ለእሱም ዕዳ ነው፤ ሲታረም የእሱም ቁጥር ይወርዳል። ግንቦት ላይ ማስረጃዎን አሟልተው ይግቡና ልክ በዚያ ቋንቋ ይንገሩት፦ «ይህ ከተበላሸ ብድር ዝርዝርዎ የሚወጣ ሒሳብ ነው፤ ወረቀቱ ይኸው።» አከራካሪ ቅጣት ወለድ ካለም ይነሣልኝ ብለው የሚጠይቁበት ጊዜ ያ ነው። ሐምሌ ላይ ከመጡ ዓመቱ ተዘግቷል፣ ሥራ አስኪያጁ ዕረፍት ወጥቷል፣ ኦፊሰሩም ዝውውሩን ይጠብቃል።